ታቦት ሲያልፍ አትንበርከኩ

ጎንደር፣ ማራኪ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቻላቸው፣

እንደምን ከርመሃል? እማስ እንደምን ናት? የላክሁላትን ቅባት ጉልበቷን ትቀባዋለች ወይስ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? ጎረቤታችን እትዬ ብርነሽስ? ልጃቸው ውድነህ አዝመራውን አስገባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራዳ ያለው የልብስ ስፌት ሥራዬም በዓል በቀረበ ቁጥር እጅ ያሳጣኛል። ስልኩ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት የሚጠፋ ከሆነ በአስማረ አይሱዙ የምንላላከው ወረቀት ይሻለናል፤ አስማረ ቢዘገይም ይደርሳል።

ደብዳቤህን ሳነብ ግን ተናደድሁ። እኔ እማን አስቀርልኝ ብዬ ለምኜህ፣ አንተ «ከምን ከምን ትጠንቀቅ?» ብለህ ትጠይቀኛለህ። ለአስተርእዮ ማርያም ልትመጣ ቆርጣለች ማለት ነው። እሷ ከመጣች እትዬ ብርነሽም አይቀሩም። ክረምት ታይፈስ ይዞህ እዚህ ሐኪም ቤት በተኛህ ጊዜ፣ ልጄን ካዳንሽልኝ ዣንጥላ ይዤ እመጣለሁ ብላ ለሰፈሬ ማርያም መሳሏን አውቃለሁ። ዣንጥላውን ላኪልኝና እኔ አገባልሻለሁ ብያት ነበር። ስለት በሰው እጅ አይገባም አለች። እሷን ማን ይችላታል።

እንግዲህ ከጠየቅኸኝ ስማ። ገንዘቧን መቀነቷ ውስጥ ትሰር እንጂ ቦርሳ አትያዝ። ባለፈው ቅዳሜ አራዳ ላይ አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው «የዳባቷ ልጅ አይደለሽም? እናትሽ ደህና ናቸው?» እያለ ሰላምታውን ሲያዥጎደጉድብኝ፣ እኔም በአገራችን ወግ አንድ በአንድ ስመልስ፣ ጓደኛው ከኋላዬ ቦርሳዬን በምላጭ ቀዶ ስልኬን ወሰደው። ይህን የጻፍሁልህ እማና እትዬ ብርነሽ ሰላም ያላቸውን ሁሉ ዘመድ ስለሚያደርጉ ነው። የማያውቁት ሰው በስማቸው ቢጠራቸው እንኳ የት እንደሚያድሩ እንዳይነግሩት። ሕዝብ ሲበዛ ዳር ዳሩን ይሁኑ፣ ገና ሲገቡ መውጫውን ይዩ። ሰው ቢገፋቸው ከግፊያው ጋር አይታገሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይውጡ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱን ደጋግመህ አንብብላቸው። ታቦት ሲያልፍ እንዳይንበረከኩ። ይህን ስጽፍ ከማርያምም አፍራለሁ። ግን የደብሩን በር አይተኸዋል፤ በሁለት የድንጋይ ካብ መሐል ያለ ጠባብ ቁልቁለት ነው። ታቦቱ ሲወጣ ከኋላ ያለው ሰው ለማየት ይገፋል፣ ከፊት ያለው ለመስገድ ይጎነበሳል። የተጎነበሰውን ደግሞ ከኋላ ያለው አያየውም። እናንተ ዘንድ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሰው እንደ ልቡ ይሰግዳል። እዚህ ጎንበስ ያለ ሰው ይረገጣል። አምና አንዲት ሴትዮ ክንዳቸው ሲሰበር ቆሜ አይቻለሁ። ቆመው በልባቸው ይስገዱ። እግዜር ልብን ያያል የምትለን ራሷ እማ አይደለችም?

መልሱን ቶሎ ላክልኝ፤ እስኪመጣ እንቅልፍም የለኝ።

እየናፈቀችህም እየተናደደችብህም ያለች እኅትህ፣
ፀደይ


ከዳባት በላይ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፀደይ፣

ከሁላችንም ሰላምታ ይድረስሽ። እማ ደህና ናት፤ ቅባቱን እንደ ገመትሽው ሣጥን ውስጥ ነው ያኖረችው። እንዳያልቅ ነው ትላለች። ውድነህ ገብሱን አስገብቷል። ተማሪዎቼም የመንፈቅ ፈተና ደርሶባቸው እንደ ልማዳቸው አሁን ነው መጽሐፍ የገለጡት።

ቁጣሽን ተቀብያለሁ። ቀጥለሽ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ላይ «አንተ ራስህ ለምን አታመጣቸውም? ወንድ አይደለህም ወይ?» ያልሽው ግን ከንክኖኛል። ወንድ ስለሆንሁ ነው የማላመጣቸው። መንገዱ ላይ በየኬላው ጎልማሳ ወንድ ከመኪና ይወርዳል፣ ማን ነህ ከየት ነህ ይባላል፤ የወረደ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ አይሳፈርም። አሮጊት ግን ማንም አይነካም። አየሽ፣ ለእኔ ስለት ሁለት አሮጊት ልኬ እኔ ቤት ልቀመጥ ነው። ይህን ለሌላ ሰው አልናገረውም።

ደብዳቤሽን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አነበብሁላቸው። እትዬ ብርነሽ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ስለ ሌባው ሲሰሙ፣ ምነው ይህች ልጅ፣ ከተማ ገብታ ሰላምታ ያስፈራት ጀመር ወይ አሉ። መቀነቱንም፣ ዳር ዳሩንም ግን እሺ ብለዋል። እማ እንዲያውም ከግፊያ መውጣቱን በእኔ ላይ ተለማመደችው፤ እስካሁን ጎኔን ያመኛል።

መንበርከኩ ላይ ስደርስ እማ ድገመው አለችኝ፤ ደገምሁት። በዕድሜዋ ታቦት አልፎ እሷ ቆማ አታውቅም። አንቺን አርግዛ ልትወልድ በቀረበች ጊዜ እንኳ መሬት ስማለች። ከዚያ በኋላ አኮረፈችኝ፤ ራቴን እያቀረበች ፊቷን ታዞራለች። በመጨረሻ «ስለቱ ስለ እኔ ሕይወት ነው፤ አንቺን ካጣሁ እኔ የዳንሁት ለምንድን ነው?» ብያት አለቀስሁ። እውነቴን ነው፣ አለቀስሁ። «እሺ፣ ቻላቸው ይሙት እቆማለሁ» አለች። በእኔ ስም ከማለች አታፈርሰውም።

እትዬ ብርነሽን ግን ማስማል አልቻልንም። ውድነህ እግራቸው ላይ ወድቆ ለምኗቸዋል፤ ሳቅ ብለው አለፉት። እሳቸው ስለትም የላቸው፤ እማ ብቻዋን አትሄድም ብለው ነው የሚመጡት። ሁለቱ ከልጃገረድነታቸው ጀምሮ ለውሃም ለገበያም ተለያይተው ወጥተው አያውቁም። እባክሽ ከአጠገባቸው አትራቂ። ሌላ ምን እላለሁ።

ሩቅ ተቀምጦ ማዘዝ ብቻ የቀረው ወንድምሽ፣
ቻላቸው


ጎንደር፣ ማራኪ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቻላቸው፣

በሰላም ደረሱልህ። አቧራቸውን አራግፈው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ አሁን ሁለቱም አልጋዬ ላይ ተጋድመው የእኔን ክሳት ያማሉ። እትዬ ብርነሽ ከመናኸሪያ ማራኪ ድረስ የታክሲውን ተሳፋሪ ሁሉ ከነቤተሰቡ ሰላም አሉት። ረዳቱን የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀው አያቱን በስም አወቋቸው፤ ልጁም ሒሳብ አልቀበልም አለ። እኔን የሰረቀኝ ከተማ ለእሳቸው ጨዋ ሆነላቸው።

የት ይቆሙ ይሆን ብለህ እንዳትሰጋ፣ ዛሬ ጠዋት ወስጄ ቦታውን አሳይቻቸዋለሁ። ካቡ ከሚያልቅበት ላይ፣ ሰው ሲበዛ ወደ ጎን መውጫ አለው። እማን በክንዷ እይዛታለሁ፤ እትዬ ብርነሽ ደግሞ የእማን ነጠላ ጫፍ ይይዛሉ። እንደ ጥጃ ልታስሪኝ ነው ወይ ቢሉም ተስማምተዋል። ስለ መንበርከኩ ሳነሣባቸው ግን ወሬ ይለውጣሉ።

ለውድነህ እናትህ ሸጋ ናት፣ ማራኪን ወዳዋለች በለው። ዛሬ ደስ ብሎኛል ቻላቸው። ቤቴ ሰው ሰው ሸቷል።

ደስታ ያስረዘማት እኅትህ፣
ፀደይ


ጎንደር
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቻላቸው፣

እንደምን ሰነበትህ? ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። መንገዱም ተዘግቶ ነበር።

እማ ደህና ናት። ጭረት እንኳ አልነካትም። ስለቱም ገብቷል፤ ካህናቱ ዣንጥላውን ተቀብለው በክርስትና ስምህ ጠርተው መርቀውሃል። እማ ቃሏን ጠብቃለች፤ ቆማለች።

አሁን ግን አትመጣም። ትንሽ ብርድ መትቷታል፣ እህልም እንደ ልቧ አትቀምስም። ትቆይ፤ እኔ አለሁላት።

ለሽማግሌው ለአያ የሻው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለውድነህ በተለይ ሰላም በልልኝ። ቤትህ ድረስ ጠርተህ ሰላም በልልኝ።

ፀደይ


ከዳባት በላይ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ፀደይ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አስማረ ግን እንደ ወትሮው እቤት ገብቶ እህል ውሃ ሳይል፣ ወረቀቱን ለባለሱቁ ጥሎልኝ ሄደ። ከሩቅ ስጠራው መኪናውን አስነሣ።

ውድነህ ደብዳቤው መድረሱን ሰምቶ ከአውድማ በቀጥታ መጣ። ካንቺ ወረቀት ሲመጣ ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ ነው የሚሰማኝ፤ አሁን ተቀመጠ። አነበብሁለት። ሲያልቅ «የእናቴ ሰላምታ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። እኔም ወረቀቱን ገልብጬ፣ ይኸው እዚህ፣ ትናፍቀኛለህ ብላሃለች አልሁት። ከራሴ ጨመርሁ። እሱም ፊደል አይቆጥርም፤ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ብዙ አየው። ከዚያ ደግሞ የምትወዳት ጥጃ መውለዷን ነግረሃታል ወይ አለኝ። ጥጃ አትወልድም ልለው ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ። እሱ ራሱ የሚናገረውን አያውቅም ነበር።

እትዬ ብርነሽ አንድ ገጽ ሙሉ ሰላምታ የሚያስጽፉ ሴት ናቸው። አንቺም ባዶ ቦታ ላይ ሰላምታ የምትደረድሪ ልጅ ነሽ። በዚህኛው ወረቀት ላይ ስማቸው የለም። እማ ቆማለች ብለሽ ጽፈሻል፤ ሌላው ምን እንዳደረገ አልጻፍሽም።

ጻፊልኝ። ብቻዬን አነበዋለሁ። ወጉን አላጠፋም፤ ለሚመለከተው በወጉ ይነገራል። አንቺ ብቻሽን ተሸክመሽው አትክረሚ።

ቻላቸው


ጎንደር
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ይህን ወረቀት ካነበብህ በኋላ አቃጥለው። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ እኔ ግን ለአንተ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ።

እትዬ ብርነሽ በማርያም ዕለት አረፉ።

ቦታችንን ይዘን ነበር። ያልሁህ ቦታ ላይ ነበርን። እማን በሁለት እጄ ይዣታለሁ፤ ታቦቱ ብቅ ሲል ሰውነቷ ሁሉ ወደ መሬት ሲሄድ በክንዴ ይሰማኛል፣ እኔም ወደ ላይ እይዛታለሁ። እትዬ ብርነሽ አየት አደረጓትና የነጠላዋን ጫፍ ለቀቁ። «እናንተ ቁሙ፤ እኔ ለሦስታችንም እሰግዳለሁ» አሉን። የሰማሁት መጨረሻ ይህ ነው። ከላይ ግፊያ መጣ። ሌሎችም ወድቀው ነበር፤ ተነሥተዋል። እኔ እማን አልለቀቅሁም። ብለቅ እሷም ትወድቅ ነበር፤ ይህን በእርግጥ አውቀዋለሁ፣ ግን ማወቄ ምንም አይረዳኝም። ጮህሁ፤ እልልታው ይበልጥ ስለነበር ማንም አልሰማኝም።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬናቸውን ወደ አገራቸው ማስገባት አልቻልንም። የሰፈሩ እድር እዚሁ ማርያም ቀበራቸው። አስማረም ቀብር ላይ ነበር። ለዚህ ነው ፊትህን ማየት ያቃተው፤ አትቀየመው።

እማ አልተጎዳችም ያልሁህ እውነት ነው። ግን አልቅሳም አልወጣላት። ቆሜ ቀረሁ ትላለች። ብርነሽ የእኔን ስግደት ሰግዳ ሄደች ትላለች። አንተንም እኔንም አትወቅስም፤ ብትወቅሰን ይሻለኝ ነበር። አገር ቤት እንሂድ ስላት፣ «ሁለት ሆነን ወጥተን እንዴት ብዬ ብቻዬን እገባለሁ? ውድነህ እናቴን የት ጣልሻት ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?» አለችኝ። በየዕለቱ መቃብሩ ዘንድ ትውላለች። ይህን እችለዋለሁ። የማልችለው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ የትም ደብር ንግሥ አለ ከተባለ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፤ ከሰው መሐል፣ ግፊያው ከበረታበት ገብታ ትንበረከካለች። ከአንዱ ጎትቼ አወጣኋት፤ ለሌላው ሳትነግረኝ ሄዳ ነጠላዋ በጫማ ተረግጦ መጣች። ጎንደር አርባ አራት ታቦት አለው እየተባለ ስሰማ በፊት እኮራ ነበር። አሁን በዚህ ሰሞን ከበሮ በሰማሁ ቁጥር መርፌው ከእጄ ይወድቃል።

የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ደርሷል። ለውድነህ ንገሩት። ከዚያ እሱ ነይ ይበላት፤ የእኔን ቃል አትሰማም፣ የእሱን ግን ትሰማ ይሆናል።

ፀደይ


ከዳባት በላይ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ፀደይ፣

እግዜር ያጽናሽ። እኛንም ያጽናን።

አያ የሻውን ነገርኋቸው። እሳቸውም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ጎሕ ሲቀድ ወደ ውድነህ በር ሄድን። ገና ስንደርስ በሩን ከፍቶ ቆሞ አገኘነው። ምንም ሳንናገር «ስለ ጥጃዋ በመጠየቄ ይቅር በለኝ፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው» አለኝ። አውቆት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም፤ አንቺም የራስሽ አለሽ።

ከሐዘኑ በኋላ ያልሽኝን ለመንሁት። እናቴን ነይ በላት፣ ካንተ ቃል በቀር የሚመልሳት የለም አልሁት። አልተቆጣም። «እናትህ አልበደለችኝም፤ ማንም አልበደለኝም። ግን ያን የመንደራችንን ዳገት ብቻዋን ስትወጣ ማየት አልችልም። ገና ነው፣ መምህር፣ ገና ነው» አለ። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ አንድ ላይ ከብት ጠብቀናል፤ መምህር ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አትምጣ አላለም ፀደይ። ትምጣም አላለም። የሰውን ሐዘን ማን ያስቸኩላል።

ስለዚህ እኔ ከዚህ ምንም ልልክልሽ አልቻልሁም። ልመጣ ተነሥቼ ነበር፤ አስማረ ሦስት የማውቃቸው ልጆች ከመኪናው ወርደው እንዳልተመለሱ ነግሮኝ፣ እማ አንተንም ካጣች ምን ትሆናለች ብሎ አስቀረኝ። ፈሪ ነህ ብትዪኝ አልከራከርም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በኪዳነ ምሕረት ዕለት በሩን ቆልፊባት። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። ቁልፉን ለጎረቤት ስጪና አንቺም ውጪ፤ ስትለምንሽ እንዳትሰሚያት። ብትረግምሽ እኔን ትርገም በያት።

ቻላቸው


ጎንደር፣ ማራኪ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቻላቸው፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰህ። ለውድነህም እንኳን አደረሰህ በለው፤ ሌላ ምንም አትጠይቀው። ገና ነው ካለ ገና ነው። ፈሪም አልልህም።

በሩን ቆልፌ ነበር። ጠዋት ሳትነሣ ከውጭ ቆለፍሁና ቁልፉን ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ነቅታ በሩን ሞከረችው። አልረገመችኝም፣ አልለመነችኝም። ከውስጥ ሆና «ፀደይ፣ እኔ እኮ መሞት ፈልጌ አይደለም» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ። ከእንግዲህ ቆሜ መሞት ነው የምፈራው።» አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር? ከፈትሁላት።

አብሬያት ሄድሁ። ቅበላም እሑድም ገጥሞ ሕዝቡ አይጣል ነው። ዳሩን እንያዝ አልኋት፤ እንዳልሰማች ሆና ወደ መሐል ገባች። እኔም ከኋላዋ ገባሁ። መውጫው በየት እንደሆነ አየሁ፤ ባየሁትም ሰውነቴ ሊያልፍ አይችልም ነበር። የማውቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አንድ በአንድ አሰብሁት፤ አንዱም ለሚሰግድ ሰው የሚሆን አይደለም። ታቦቱ ሲወጣ እማ ከፊቴ ወደ መሬት ወረደች።

እኔ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዞርሁ። እግሮቼን በግራና በቀኟ ተክዬ፣ ክርኖቼን አውጥቼ፣ ጀርባዬን ለታቦቱ ሰጥቼ ቆምሁ። የሚመጣውን ሁሉ በደረቴ ያዝሁት። አንዱን ወጣት በጥፊ መትቼዋለሁ፤ የት እንደማገኘው ባውቅ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝ። «ምነው ልጄ፣ ታቦት እኮ ነው፣ ዙሪ» አሉኝ። «አውቃለሁ አባቴ፤ እናቴ ከእግሬ ሥር ናት» አልኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩአት። ከዚያ እሳቸውም ከአጠገቤ ዞረው ቆሙ፣ ሕዝቡን በበትራቸው መለስ መለስ ያደርጉልኝ ጀመር። እያለቀሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰገዱ ሰው ናቸው፤ ይህንም እኔ አደረግሁባቸው።

እማ ብዙ ቆይታ ተነሣች። ግንባሯ ላይ አፈር አለ፤ ከማርያም ወዲህ ፊቷ እንዲህ ቀሎት አላየሁም። ሽማግሌውን አመስግና እጃቸውን ሳመች። ወደ ቤት ስንወርድ እንጀራ በሽሮ በላች፤ ደስ ይበልህ ብዬ ነው የምነግርህ። ከዚያ ግን ክንዴ ላይ ያለውን ሰንበር አየችና እጇን አሳረፈችበት። «እኔ ሰገድሁ። አንቺስ ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ጀርባሽን ሰጥተሽ ልትኖሪ ነው?» አለችኝ። እንግዲያው ተዪው፣ አትሂጂ ልላት ነበር። እሷም እኔን ያየችኝ ያንን እንድላት አልነበረም። ሁለታችንም እንደማንተው እናውቅ ነበር።

ጾም ስለገባ ንግሡ ጋብ ይላል፤ ትንሽ አርፋለሁ። ከትንሣኤ በኋላ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው። ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የእኔንም አጥባ ከጎኑ አስቀመጠችው።

እኅትህ፣
ፀደይ